የኖቴ ሚስት ድንጋይ

ፔርላ ለዚያ ጉዞ ሦስት ዓመት ሙሉ ተዘጋጅታለች። ጂሴል ግን ሦስት ሳምንት እንኳ አልፈጀባትም።

ፔርላ ሞንቴቪዴዮ ውስጥ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ለሕፃናት ዕብራይስጥ የምታስተምር የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ነበረች። ያሳደጓት አያቷ ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በይዲሽ፣ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ፣ ቦቤ እያለ ይጠራቸዋል። ቦቤ የተወለዱት ከድንበሩ ወንዝ ማዶ፣ አርጀንቲና ውስጥ፣ ኮሎኒያ ሚሪያም በምትባል የአይሁድ ገበሬዎች መንደር ነው። ስድስት ዓመት ሲሆናቸው እናታቸው በታይፎይድ ወረርሽኝ ሞተችባቸው። አባታቸውም ዓመት ሳይሞላ ልጆቹን ሰብስቦ ወንዙን ተሻገረ። ይኸው ቦቤ ዘጠና ዓመት ደፍነው እንኳ እናታቸው መቃብር ላይ ቆመው አያውቁም።

"አባቴ ድንጋይ አስቀርጬላታለሁ ብሎኝ ነበር" ይላሉ አልፎ አልፎ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ። "አንድ ሰው ሄዶ ስሟን ቢያነብልኝ ምን ነበረበት?"

ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብላ ቆረጠች ፔርላ። የድሮ የመቃብር ድንጋይ እንዴት እንደሚነበብ ተማረች። ምህጻረ ቃሎቹን አጠናች፤ ዝናብ ያጠባቸውን ፊደላት በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ከጎን እያሳረፉ ማውጣትን ለመደች። በየዓመቱ ወጣቶችን አሰባስቦ ወደ አያቶቻቸው አገር ለበጎ ፈቃድ ሥራ የሚወስድ ማኅበር አለ፤ ለእሱ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈች። በሦስተኛው ዓመት ማኅበሩ እጁን ሰጠ። "ዘንድሮ ኮሎኒያ ሚሪያም ሄደን የድሮውን መቃብር እናጸዳለን" አለ። ስሟን መጀመሪያ ያስመዘገበችው ፔርላ ነበረች።

መጨረሻ ላይ የተመዘገበችው ደግሞ ጂሴል። ጂሴል ሮይትማን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የፔርላ ጓደኛ ናት፤ በአጎቷ የመነጽር መደብር ውስጥ ትሠራለች። አራት ዓመት አብሯት የቆየው ፍቅረኛዋ በዚያው ሰሞን ጥሏት ሄዶ ነበርና እያለቀሰች ፔርላ ቤት መጣች።

"እዚህ ከተማ ከቆየሁ ማበዴ ነው። የምትሄጂበት ይዘሽኝ ሂጂ።"

"መቃብር ልንጠርግ እኮ ነው የምንሄደው፣ ጂሴል።"

"ይሻላል! እሱንም እዚያው እቀብረዋለሁ።"

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ጂሴል ሐዘኗ ውስጥ ሆና እንኳ ሰው የምታስቅ ልጅ ናት። ሰው ይወዳታል፤ ሻጭ ይቀንስላታል፤ የሰፈር ውሻ ይከተላታል። ፔርላም ትወዳታለች። ግን አንዳንዴ አብረው ሲሄዱ ሰላምታው ሁሉ ወደ ጂሴል እያደላ ሲመጣ፣ ከውስጥ ቆንጠጥ የሚያደርጋት ነገር ነበር። ምን እንደሆነ አጥርታ ጠይቃ አታውቅም።

ከሞንቴቪዴዮ፣ ከሳንቲያጎና ከፖርቶ አሌግሬ የተሰባሰቡ አሥራ አንድ ወጣቶች እሑድ ከሰዓት መንደሩ ገቡ። ያረፉት በአሮጌው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ኃላፊያቸው ኤሴኪዬል የሚባል የቦነስ አይረስ ልጅ ነበር፤ ካሜራው ከአንገቱ አይወርድም። የመቃብሩን ቁልፍ ይዘው የጠበቋቸው ግን ዶን አብራሻ ናቸው፦ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ሰፊ የከብት ጠባቂ ሱሪ የታጠቁ፣ ማቴ የተባለውን የቅጠል ሻይ የሚጠጡበትን ቅል ከእጃቸው የማይለዩ።

"እዚህ መንደር ስንት አይሁድ ቀርቷል?" ብሎ ጠየቃቸው ኤሴኪዬል።

"አምስት። አራቱ አልጋ ላይ ናቸው። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ እናንተ ባትመጡ ኖሮ እኔም እተኛ ነበር።"

ፔርላ ሳቁ እስኪበርድ እንኳ አልጠበቀችም። ወረቀቶቿን ይዛ ተጠጋቻቸው።

"ዶን አብራሻ፣ ቡርሽቴን የሚባል ቤተሰብ ያውቃሉ? ኤስተር ማልኬ ቡርሽቴን። የሞተችው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት ነው።"

ሽማግሌው በቀጭኑ የብረት ቧንቧ ማቴያቸውን ሳብ አድርገው አሰቡ። "ቡርሽቴን… ቡርሽቴን… የለም ልጄ። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አልነበረም።"

"የአያቴ የልደት ወረቀት ይኸው፤ ኮሎኒያ ሚሪያም ይላል እኮ።"

"ወረቀቱ ካለ ነበሩ ማለት ነዋ። እኔ ግን አላውቃቸውም።"

ፔርላ ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰች። አላዘነችም፤ ድንጋዩ ራሱ ይናገራል ብላ ተጽናናች።

ሰኞ ሥራ ተጀመረ። መቃብሩ በባህር ዛፍ የተከበበ ነው። ሦስት መቶ የሚሆኑ ድንጋዮች አሉት፤ ከፊሉ ቆሟል፣ ከፊሉ ጋደል ብሏል፣ ከፊሉ በእሾህ ተውጧል። በአጥሩ ላይ ቴሮ የሚባሉ የሜዳ ወፎች ቀኑን ሙሉ ይንጫጫሉ። ወጣቶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ድንጋዩን በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ያጥባሉ፤ ፔርላ መስታወቷን ይዛ እየዞረች ታነባለች፤ ያነበበችውን መዝገቡ ላይ ከነቁጥሩ ታሰፍራለች። ከእሷ ሌላ በደንብ የሚያነብ አልነበረም። ኤሴኪዬል ፊደሉን ያውቃል፤ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው የሚንተባተበው።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጂሴል ድምፅ ባህር ዛፉን ሁሉ አልፎ ተሰማ።

"ፔርሊታ! ፔርሊታ፣ ነይ ይህን ሰውዬ አንብቢልኝ! አፍንጫው ቁርጥ የእኔን ነው!"

ድንጋዩ ላይ እንቁላል የምታህል የሸክላ ፎቶግራፍ ተለጥፋለች። ባርኔጣ የደፋ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ሰው ነው። አፍንጫውም እውነትም የጂሴል ነበር። ፔርላ ጎንበስ ብላ አነበበች፤ ስታነብ ድምፅዋ ቀስ እያለ ወረደ።

"ኖቴ… የሺሜ ልጅ… ሮይትማን።"

"ምን? ማን አልሽ?"

"ሮይትማን። ጂሴል፣ የአያትሽ አባት ስም ማን ነበር?"

ጂሴል ብሩሹን ጣለችው። "ኖቴ" አለችና አፏን በሁለት እጇ ከደነች። አያቷ ከአርጀንቲና እንደመጡ ታውቃለች እንጂ ከየትኛው መንደር እንደመጡ ሰምታ አታውቅም። ጠይቃም አታውቅም።

ሁሉም ሮጠው መጡ። ተቃቀፉ፤ ተላቀሱ። ኤሴኪዬል ቀረጸ። ፔርላም ጓደኛዋን አቅፋ አለቀሰች። ግማሹ እንባ የእውነት የደስታ ነበር። ሌላው ግማሽ ከየት እንደመጣ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ዶን አብራሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። "ኖቴ! አንቺ የኖቴ ዘር ነሽ? አፍንጫሽን ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ እኮ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው የቀበርኩት። ይህ ሰው ለፈረሶቹ በይዲሽ ብቻ ነበር የሚያወራው። አንዱን ፈረስ ይዲሽ ለማያውቅ ለአንድ የአካባቢው ሰው ሸጠ። ፈረሱ ወይ ፍንክች! ገዢው ሂድ ቢለው፣ ቁም ቢለው አይሰማም። አንድ ወር ሙሉ በየጠዋቱ ኖቴ በር ላይ እየቆመ ቋንቋ ተማረ።"

ጂሴል እንባዋን እየጠረገች ትስቃለች። "ፈረሱ ስፓኒሽ ከሚማር ሰውየው ይዲሽ መማር ቀለለው?"

"ፈረሱ የሮይትማን ቤተሰብ ነዋ፤ አንገተ ደንዳና!"

ከዚያን ሰዓት ጀምሮ ጂሴል የመንደሩ ልጅ ሆነች። ወሬው ለምሳ ሳይደርስ ተዳረሰ። የዚያ ፈረስ ገዢ የልጅ ልጅ የሆነች ሴት ኬክ ጋግራ በሳህን ይዛ መጣች። ዶን አብራሻ ከቤታቸው የኖቴን አሮጌ የጸሎት መጽሐፍ አምጥተው ሰጧት፤ "ሲሞት እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር" ብለው። ጂሴል ስልኳን ከፍታ ለእናቷ ስታሳያት እናቷ ከወንዙ ማዶ ኡኡ ብላ አለቀሰች።

"ይህን ሁሉ ያደረገችው ፔርላ ናት እኮ፣ እማዬ! እሷ ባታነብልኝ ኖሮ አጥቤው አልፈው ነበር።"

"ምንም አይደል" አለች ፔርላ ስልኩ ፊት ፈገግ ብላ።  በሦስት ቀን ውስጥ ዘጠና ድንጋይ አንብባለች። የሳንቲያጎውን ልጅ የአያቱን ወንድም አግኝታለታለች፤ ለፖርቶ አሌግሬዋ ልጅ ሁለት ዘመዶች ገልጣላታለች። ሁሉም እንደ ሠርገኛ በየተራ ሙሽራ ሲሆን እሷ ብቻ አጃቢ። ቡርሽቴን የሚል አንድ ፊደል የለም። ይህ ሁሉ ለማን ነበር? ደብዳቤውን የጻፈው ማን ነው? የኔ ቦቤ ናቸው ሰማንያ አራት ዓመት የጠበቁት፤ ይህችማ ፍቅረኛዋን ልትረሳ ነው የመጣችው። እንዲህ እያለች በውስጧ ታሰላዋለች። ጂሴል በሳቀች ቁጥር ሳቋ ጆሮዋ ውስጥ እንደ አሸዋ ይፈጭባታል።

ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱ ብቻቸውን በመቃብሩ ዳርቻ፣ እሾህ የበዛበት ጥግ ሲሠሩ ዋሉ። ጂሴል ቁጥቋጦውን ቆርጣ ስትጨርስ ከሥሩ አንዲት አጠር ያለች ድንጋይ ብቅ አለች፤ ሽበት የመሰለ ደረቅ ሻጋታ ለብሳለች። አጠበቻት።

"ምን ትላለች? ለእኔ ምንም አይታየኝም።"

ፔርላ ተንበርክካ መስታወቷን ወደ ፀሐይ አዞረች። ብርሃኑ ድንጋዩን ከጎን ሲልሰው ፊደሎቹ አንድ በአንድ ከእንቅልፋቸው እንደሚነሡ ሆነው ተነሡ። *እዚህ ተቀበረች። የተከበረች ሴት፣ ፍሬይዴ፣ የኖቴ ሮይትማን ሚስት። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት፣ ሕፃናትን ትታ ያለፈች።* ከሥሩ ዓመቱ አለ።

የጂሴል አያት ያለ እናት ማደጋቸውን ፔርላ ታውቃለች። ይህችው ናት፤ ሌላ ልትሆን አትችልም። አሁን አፏን ከፍታ ብትናገር ምን እንደሚከተል ታየት፦ ጩኸቱ፣ ሩጫው፣ ካሜራው፣ ሌላ ኬክ፣ ሌላ ስልክ። ለአንዷ ሁለት፤ ለአንዷ ባዶ።

"ምን ትላለች?" አለች ጂሴል ደግማ፣ አንገቷን አስግጋ።

"ጠፍቷል" አለች ፔርላ። መስታወቱን ገልበጥ አደረገችው፤ ፊደሎቹም ሰመጡ። "ድንጋዩ ጠንካራ አይደለም፤ ዝናብ ጨርሶታል። ተያት።"

"ምስኪን! እንዲያው ማን ትሆን?" ጂሴል እንደ አይሁድ ወግ ከመሬት ጠጠር አንሥታ ድንጋዩ ራስ ላይ አኖረችላት። "ማንም ሁኚ፣ መጥተናል" አለቻት።

ፔርላ መዝገቡን ከፈተች። *ቁጥር 94። አይነበብም* ብላ ጻፈች። 

እራት ላይ ከጂሴል ራቅ ብላ ተቀመጠች። ነገ እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ሐሙስ ሲመጣ ደግሞ፣ ከነገ ወዲያ ብነግራትስ ምን ይጎድላል አለች። መጽሐፉ "ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ ነው" ይላል። ቃሉን ለልጆቹ በየዓመቱ ታስተምራለች። ነቀዙ አጥንት ውስጥ ሲገባ ግን ድምፅ እንደሌለው አስተምራ አታውቅም ነበር።

ሐሙስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የበሬ ጎድን ተጠበሰ። ዶን አብራሻ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ልጆቹ ስለየቤተሰባቸው ሲያወሩ ያዳምጣሉ። ጂሴል የፔርላን ጉልበት መታ መታ አደረገች።

"ፔርሊታ፣ አንቺም ንገሪያቸው እንጂ። ቦቤ የነገሩሽን። አባታቸው ጣራ ላይ ወጥተው ስለዘፈኑት።"

"ተዪኝ እስቲ።"

"እሺ እኔ እናገራለሁ። የፔርላ ቅድመ አያት ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ። የምኩራቡን ጣራ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ጣራው ላይ ሆነው እየዘፈኑ ነበር አሉ የሚመቱት፤ ገበሬው ሁሉ ሥራውን አቁሞ…"

ዶን አብራሻ የማቴ ቅላቸውን መሬት አስቀመጡ። "ይደል! ይደል ብሌኸር! ቆርቆሮው ይደል! አንቺ ልጅ፣ የይደል ዘር ሆነሽ ነው አምስት ቀን ሙሉ ዝም ያልሽኝ?"

"እኔማ ጠይቄዎት ነበር" አለች ፔርላ። "ቡርሽቴን ብዬ…"

"ቡርሽቴንን ማን ያውቀዋል! እዚህ ሰው በወረቀት ስሙ የሚጠራው ፖሊስ ሲፈልገው ብቻ ነው። እኔ ሳልወለድ ነው አገሩን ጥሎ የሄደው፤ አባቴ ግን ሁልጊዜ ያነሡት ነበር። ሚስቱ በዚያ ወረርሽኝ ነው የሞተችው።"

"መቃብሯ የት ነው?"

ሽማግሌው እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ እንደማያስደስት ነገር ሁሉ ቶሎ ብለው ተናገሩት። "ድንጋይ የላትም፣ ልጄ። ይደል ያኔ እጁ ላይ ምንም አልነበረው። የቀበሯቸው አባቴ ናቸው። በዚያ በልግ አራት ሴቶች በአንድ ሳምንት ሞቱ፤ ጎን ለጎን በአንድ መስመር ተቀበሩ። ሦስቱ የእንጨት ምልክት ነበራቸው፤ ምስጥ በላው። ድንጋይ የቆመላት ለመጀመሪያዋ ብቻ ነው፤ ለኖቴ ሚስት። አባቴ፣ የእሷን ድንጋይ ያገኘ የቀሩትን በእርምጃ ያገኛቸዋል ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ስንት ዘመን ፈልጌ አጣሁት፤ እሾህ ውጦታል፤ ጂሴልንም ላላሳዝናት ብዬ ነው ያልነገርኳት።"

ጂሴል ብድግ አለች። "የኖቴ ሚስት? የአያቴ እናት? እዚህ ናት? ነገ ሁላችንም እንፈልጋት! ፔርሊታ፣ ሰማሽ? የእኔዋን ካገኘን የአንቺንም አገኘን ማለት ነው!"

ፔርላ ጎንበስ ብላ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረች። 

ዓርብ ማለዳ ሌሎቹ ቁርስ ላይ እያሉ ጂሴልን ጠራቻት። ሌሊቱን ያሰበችው መላ ነበር፤ ማንም የማያውቅባት፣ ማንም የማይጎዳባት መላ።

"ያን ዕለት ያየናትን ድንጋይ ታስታውሻለሽ? የጠዋት ፀሐይ ከዚያ ወገን ሲያርፍባት ትነበብ ይሆናል። እንሞክራት።"

ሄዱ። ዶን አብራሻም ቁልፋቸውን እያንጓጉ ተከተሏቸው። ፔርላ ተንበረከከች፤ መስታወቱን ወዲያ አለችው፣ ወዲህ አለችው፤ ቅንድቧን ቋጠረች፤ የሚጠፋ ፊደል የምታድን መስላ አንድ በአንድ አነበበችው። "ፍ… ፍሬይዴ… የኖቴ…"

ጂሴል መሬት ላይ ዘጭ አለች። ድንጋዩን አቅፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ፔርላ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "አልተውሻትም! ሌላው አይነበብም ብሎ ይተዋት ነበር፤ አንቺ ግን ስለ እኔ ብለሽ ተመልሰሽ መጣሽ። እህቴ ነሽ፤ ከእህትም በላይ ነሽ!"

ዶን አብራሻ ከድንጋዩ ጀምረው ወደ ምሥራቅ ይራመዱ ጀመር። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እዚህ አንዷ።" አሁንም ተራመዱ። "እዚህ አንዷ። እዚህም አንዷ።"

"ፔርሊታ፣ ኤስተር ማልኬም ተገኘች!" ጂሴል እንባዋ ሳይደርቅ ትስቃለች። ለጓደኛዋ የተደሰተችው ለራሷ ከተደሰተችው አያንስም ነበር። ፔርላም ይህን አየች። ፊቷ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታይ፣ አንዲት የምቀኝነት ጠብታ ያልነካው ደስታ። ሌላው ሁሉ ይቻል ነበር፤ ይህን ግን መሸከም አቃታት።

"ረቡዕ ዕለት አንብቤዋለሁ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"መስታወቱን እንዳዞርኩት አነበብኩት። ሁሉንም። ጠፍቷል ያልኩሽ ውሸቴን ነው። አሁንም ሳነብ የነበረው ለማስመሰል ነው።"

የጂሴል እጆች ከትከሻዋ ላይ ወረዱ። "ለምን?"

"ቀናሁብሽ።"

ከዚያ በላይ ልትናገር ብዙ አሰበች፤ ስለ ሦስቱ ዓመት፣ ስለ ቦቤ። ሁሉም ሰበብ ሰበብ ሸተታት፤ ዋጠችው።

ጂሴል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። "ትናንት ዶን አብራሻ ያን ነገር ባይናገሩ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?"

"አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች ጂሴል። "የፈለግሽው የራስሽን መቃብር ነው።" ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቱ ዞራ "ኤሴኪዬል! ና አንብብልኝ!" ብላ ተጣራች።

ኤሴኪዬል መጣ። እየተንተባተበ፣ ፊደል እየገደፈ አነበበላት። ፔርላ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ እያንዳንዱን ስሕተት ሰማች፤ ለማረም ግን አፏን አልከፈተችም። አሥራ አንዱም ተሰብስበው ስለ አራቱ ሴቶች ካዲሽ፣ የሙታንን ጸሎት፣ ደገሙ። ፔርላ ምልክት በሌለው ሣር ፊት ቆማ ነበር።

"ከሦስቱ የትኛዋ ናት?" አለቻቸው ዶን አብራሻን ጸሎቱ ሲያበቃ።

"እሱን አባቴ አልነገሩኝም።"

የዚያኑ ዕለት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ለቦቤ ደወለች። ድንጋይ እንደሌለ ነገረቻቸው፤ ልትደብቅ አልፈለገችም። 

"አባቴ ዋሸኝ ማለት ነው" አሉ ቦቤ። "ስድስት ዓመቴ ነበር። እንግዲህ ምን ይበለኝ ኖሯል?" ከዚያ፣ "ከማን ጋር ናት?"

"ከሦስት ሴቶች ጋር፣ ቦቤ። የጂሴል ቅድመ አያት ከጎን አለች።"

"ብቻዋን አይደለችማ" አሉ። "እኔ እኮ ብቻዋን ናት እያልኩ ነበር እስከዛሬ።" ቀጥለውም፣ "ጂሴልን ሳሚልኝ" አሏት።

ፔርላ አልሳመቻትም። ጂሴል ፍራሿን ተሸክማ ወደ ሌላው ክፍል ሄዳ ነበር። ቅዳሜ ሥራ የለም። ሁሉም ባህር ዛፉ ሥር ተጋድሞ ሲያወራ ፔርላ አጥሩ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ዶን አብራሻ መጥተው ማቴ ቀድተው አቀበሏት።

"እዚህ መንደር ሰው በሰው ላም ሲቀና፣ በሰው ስንዴ ሲቀና ነው የኖረው። የእኔ አባትና ኖቴ ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ ስምንት ዓመት ተኮራርፈዋል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ታረቁ። ይህን የነገርኩሽ ግን ላጽናናሽ ብዬ አይደለም። ልጅቷን በድለሻታል።"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ማቴሽን ጠጪ፤ ቅሉ የሁሉም ነው፣ ተራውን የሚጠብቅ ሰው አለ።"

እሑድ በአውቶቡሱ ላይ ጂሴል ከፊት ተቀመጠች፤ ፔርላ ከኋላ። ድልድዩን ሲሻገሩ ወንዙ ሞልቶ ቡና መስሎ ይፈስ ነበር። አንዳቸውም ለአንዳቸው አላሳዩትም።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ፔርላ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈች፤ መልስ የለም። አንድ እሑድ ከትምህርት ቤት የልጆች ዝግጅት ስትመለስ ከቦቤ ክፍል የምታውቀውን ሳቅ ሰማች። ጂሴል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአራቱን መቃብር ፎቶግራፍ ለቦቤ ታሳያቸዋለች።

"የመጣሁት ወደ እሳቸው ነው" አለች ፔርላን ስታያት። "ወደ አንቺ አይደለም።"

"እሺ።"

"ሻይ ግን ካፈላሽ እጠጣለሁ።"

ፔርላ አፈላች። ያን ቀን ብዙም አልተነጋገሩም። በሚቀጥለው እሑድም መጣች፤ በሚቀጥለውም። ቀስ እያለ ጨዋታቸው ተመለሰ። ሁለቱ ቤተሰቦች ተመካክረው በዓመቱ በሦስቱ ባዶ ቦታዎች ፊት አንድ ድንጋይ አቆሙ፤ የሁሉም ስም በአንድ ላይ ሰፈረበት። ዶን አብራሻ የሁለቱን ሌሎች ሴቶች ስም ከአልጋ ያልተነሡትን አራቱን ሽማግሌዎች እየዞሩ ጠይቀው አገኙት። ቦቤ ፎቶግራፉን ከራስጌያቸው ሰቀሉት።

አንድ ነገር ግን አልተመለሰም። ጂሴል ያን የኖቴን የጸሎት መጽሐፍ ይዛው ትዞራለች፤ በገጾቹ ኅዳግ ላይ የኖቴ የእጅ ጽሑፍ አለበት። አንድም ቀን ለፔርላ ከፍታ "ይህ ምን ይላል?" አላለቻትም።

አንድ ከሰዓት ጂሴል እጇን ልትታጠብ ስትገባ ቦርሳዋ ወንበሩ ላይ ተከፍቶ ቀርቶ ነበር። ፔርላ ሳታስበው ዓይኗ አረፈበት። ውስጡ የልጆች ደብተር አለ፤ መስመር ያለው። በእርሳስ፣ በተጣመመ እጅ፣ የዕብራይስጥ ፊደላት ከመጀመሪያው እስከ አሥራ አራተኛው በየተራ ተደጋግመው ተጽፈዋል። ከኅዳጉ በቀይ ያረመ ሰው አለ፤ የምኩራቡ የማታ ትምህርት መምህር የሆኑ የአንድ አዛውንት ጽሑፍ ነው። ፔርላ ታውቀዋለች።

ጂሴል ተመልሳ ስትገባ ፔርላ መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ያ ከውስጥ ቆንጠጥ የሚያደርጋት ነገር ተመለሰ፤ አሁን ስሙን አውቃዋለች።

"ደብተርሽን አየሁት" አለች። "ሳላስበው። ሌላ ሰው ሲያስተምርሽ ቀናሁ።"

ጂሴል ቦርሳዋን ዘጋች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ሳቅም አልነበረም።

"ቅኚ" አለች። "እኔ ሐሙስ ሐሙስ ነው የምማረው፤ ሐሙስ ቤት አትጠብቂኝ። እሑድ ግን እመጣለሁ።"